አራት ሳምንት ሲባል ስንት ነው? የማውንጃሮ መርፌ፣ የመከላከያ እንክብልና የማረጥ ሆርሞን በብሪታንያ

ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 5 ቀን 2025፣ የብሪታንያ የመድኃኒትና የጤና ምርቶች ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ ክብደት ለመቀነስ መርፌ ለሚወስዱ ሴቶች አንድ ማሳሰቢያ አወጣ። ፍሬ ነገሩ በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር። መርፌውን የምትወስድ ሴት ሁሉ፣ ማርገዝ የምትችል ከሆነች፣ አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ትጠቀም። ከመርፌዎቹ አንዱ የሆነውን ማውንጃሮን የምትወስድና መከላከያዋ በአፍ የሚዋጥ እንክብል የሆነች ሴት ደግሞ መርፌውን ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ለ4 ሳምንት፣ መጠኑ በተጨመረ ቁጥርም እንዲሁ ለ4 ሳምንት ኮንዶም ትደርብበት የሚል ነው። በዚያን ጊዜ በኤጀንሲው መዝገብ ውስጥ፣ መርፌዎቹን ይወስዱ የነበሩ ሴቶች ማርገዛቸውን የሚገልጹ ከ40 በላይ ሪፖርቶች ተከማችተው ነበር።

ወሬው እንደ አዲስ ነገር ተናፈሰ፤ ማሳሰቢያው የቆመበት ጥናት ግን አዲስ አልነበረም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማውንጃሮን ለስኳር ሕመም በሜይ 2022 ሲፈቅድ፣ ከመድኃኒቱ ጋር በወጣው የመረጃ ሰነድ ላይ ቁጥሮቹ ታትመዋል፤ ኮንዶም ይደረብ የሚለው ምክርም አብሮ ሰፍሯል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ እጅግ የሚያሳስበኝ መርፌው ከእንክብሉ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2022 በጽሑፍ የነበረ ነገር በ2025 እንዴት አዲስ ሆኖ ተሰማ፤ የዚያው ጥያቄ ሌላ ግማሽ የሆነው የማረጥ ሆርሞን ጉዳይስ ስለምን ድምፁ ቀነሰ የሚለውም ነው።

መነሻው ጨጓራ ነው። ሰው ሲመገብ አንጀቱ ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያነሣሣል፣ ለአንጎል የጥጋብ ምልክት ይሰጣል፣ ጨጓራም የያዘውን ወደ ትንሹ አንጀት የሚያወርደው ቀስ ብሎ እንዲሆን ያደርጋል። በዌጎቪና በኦዜምፒክ ስም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ፣ በሳክሴንዳ ስም የሚሸጠው ሊራግሉታይድ ይህን ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ ናቸው። የማውንጃሮ ንጥረ ነገር የሆነው ቲርዜፓታይድ ግን በጂኤልፒ-1 ላይ ጂአይፒ የተባለ ሌላ የአንጀት ሆርሞን ሥራም ደርቦ ይሠራል። በአፍ የተዋጠ እንክብል ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው በትንሹ አንጀት በኩል እንጂ በጨጓራ በኩል አይደለም። የጨጓራው በር ሲዘገይ እንክብሉም ከምግቡ ጋር ደጅ ይጠናል ማለት ነው።

ይህ ደጅ መጥናት ምን ያህል እንደሆነ ተለክቷል። 5 ሚሊግራም ቲርዜፓታይድ አንድ ጊዜ ብቻ ተወግቶ፣ ኤቲኒል ኤስትራዲዮልና ኖርጀስቲሜት የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን የያዘ የተለመደ የመከላከያ እንክብል ተሰጠና በደም ውስጥ ያለው መጠን ታየ። ኤቲኒል ኤስትራዲዮል የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን በ59 በመቶ ወረደ፤ የኖርጀስቲሜቱ በ66 በመቶ፣ ኖርጀስቲሜት በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚሆነው ኖሬልጀስትሮሚን ደግሞ በ55 በመቶ ወረደ። ወደ ከፍተኛው መጠን የሚደርሱበት ጊዜም ከ2.5 እስከ 4.5 ሰዓት ዘገየ። በአንጻሩ በጠቅላላው ወደ ደም የገባው መጠን የቀነሰው ከ20 እስከ 23 በመቶ ነው።

እነዚህን ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ በየመገናኛ ብዙኃኑ የተደበላለቁት እነሱ ናቸውና። ዶፍ ዝናብ በአንድ ሰዓት የሚያወርደውን ውሃ ካፊያ ቀኑን ሙሉ ቢወርድ ሊያወርደው ይችላል፤ ጎርፉ ባይታይም መሬቱ የሚጠጣው ውሃ ያን ያህል አይጎድልም። 59 በመቶ የሚለው የጎርፉን መቀነስ ሲናገር፣ 20 በመቶ የሚለው መሬት የጠጣውን ውሃ ይናገራል። የእንቁላል መውጣትን የሚያግደው በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚኖረው የሆርሞን መጠን እንጂ እንክብሉ ከተዋጠ በኋላ ለአፍታ ወደ ላይ የሚወጣው ጫፍ ብቻ ስላልሆነ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን ይዘን እንደምንፈራ ለውጥ ያመጣል።

ለውጥ ማምጣቱን ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ተቆጣጣሪዎች ራሳቸው አሳይተዋል። ያንኑ አንድ ጥናት አንብቦ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ "በአፍ ከማይወሰድ መከላከያ ጋር ይቀየር፣ ወይም ለ4 ሳምንት ኮንዶም ይደረብ" ሲል ጻፈ። በአውሮፓ ኅብረት መድኃኒቱ በ2022 ለስኳር ሕመም ሲፈቀድ በወጣው ሰነድ ግን፣ እነዚያው 59 እና 20 በመቶ ከተዘረዘሩ በኋላ፣ ቅነሳው በሕክምና ረገድ ትርጉም ያለው ሆኖ እንዳልተገኘና የእንክብሉን መጠን ማስተካከል እንደማያስፈልግ ተገልጿል። አንዱ ጎርፉን አየ፣ ሌላው የመሬቱን ውሃ። ሁለቱም ቁጥር አልሳቱም፤ የተለያዩት ባልተለካው ነገር ላይ ባደረጉት ጥንቃቄ ነው። ምክንያቱም ጥናቱ የአንድ ጊዜ መርፌ፣ ያውም 5 ሚሊግራም ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱ ደግሞ እስከ 15 ሚሊግራም ይወጣል።

ብሪታንያ ኖቬምበር 8 ቀን 2023 ማውንጃሮን ለክብደት መቀነሻነት ከፈቀደች ወዲህ ያለው የአገሪቱ ሰነድ ወደ ጥንቃቄው ወገን አዘንብሏል። ከልክ ያለፈ ክብደት ባላቸው ሴቶች ላይ እንክብሉ እንዴት እንደሚሆን ያለው መረጃ ጥቂት ስለሆነ፣ የመከላከል አቅሙ ሊቀንስ አይችልም ብሎ መደምደም አይቻልም ይልና፣ የ4 ሳምንቱን ምክር ያስከትላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ቢሳሳት የሚያስከፍለው ጥቂት የኮንዶም ፓኬቶች ነው፤ በተቃራኒው ቢሳሳት የሚያስከፍለው ያልታሰበ እርግዝና ነው።

4 ሳምንት የሚለው ቁጥር ከሌላ ልኬት ጋርም ይገጥማል። ቲርዜፓታይድ ጨጓራን የማዘግየት ኃይሉ ከፍተኛ የሚሆነው ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሲሆን፣ ሰውነት ሲለምደው ኃይሉ እየላላ ይሄዳል። በፓራሲታሞል የተደረገው ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ከመጀመሪያው 5 ሚሊግራም በኋላ የፓራሲታሞል ከፍተኛ መጠን በ50 በመቶ ወርዶ ሳለ፣ በ4ኛው ሳምንት ሲለካ ይህን የሚያህል ለውጥ አልታየም። መጠኑ ሲጨምር ጨጓራው እንደገና እንግዳ ነገር ይገጥመዋል፤ ስለዚህ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይሠራው ሒሳብ አለ። ማውንጃሮ የሚጀመረው በሳምንት 2.5 ሚሊግራም ነው። ከ4 ሳምንት በኋላ ወደ 5 ይወጣል፤ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ ቢያንስ በየ4 ሳምንቱ ወደ 7.5፣ ወደ 10፣ ወደ 12.5 እና በመጨረሻ ወደ 15 ሊወጣ ይችላል። አንዲት ሴት በዚህ መሰላል ሳታርፍ እስከ ላይኛው ብትወጣ፣ የመጀመሪያው 4 ሳምንት ሲያልቅ ሁለተኛው ይጀምራል፣ ሁለተኛው ሲያልቅ ሦስተኛው ይከተላል፤ ስድስቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 4 ሳምንት ይዘው 24 ሳምንት ይሞላሉ። በመካከሉ ኮንዶሙን የምታስቀምጥበት አንድም ሳምንት የለም። "ለ4 ሳምንት" የተባለችው ሴት በ5ኛው ሳምንት "አለፈልኝ" ብላ ብታርፍ፣ ያረፈችው በትክክል አዲሱ መጠን በጀመረበት ሳምንት ነው። ይህን ማሳሰቢያ በአማርኛ እንድጽፍ ብጠየቅ "ለ4 ሳምንት" አልልም ነበር፤ "መጠኑ መጨመሩን አቁሞ በአንድ መጠን ላይ 4 ሳምንት እስኪሞላ ድረስ" እል ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ በሰነዱ ላይ የሰፈረው ምክር ሴቶቹ ጋር ሳይደርስ የቀረው ስለምንድን ነው? እንደኔ አስተያየት መልሱ ሁለቱ መድኃኒቶች በሁለት በር መግባታቸው ነው። በብሪታንያ ክብደት ለመቀነስ የሚሰጠው የማውንጃሮ ሕክምና በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል በእንግሊዝ የአካባቢ ሐኪሞች ዘንድ መስጠት የተጀመረው ከጁን 23 ቀን 2025 ወዲህ ነው፤ ያውም ቅድሚያ ለተሰጣቸው ጥቂቶች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አብዛኛው ተጠቃሚ በግሉ ከፍሎ፣ በብዛትም በኢንተርኔት ከሚሠሩ ፋርማሲዎች የሚገዛ ነው። የእርግዝና መከላከያው ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል። ወይ የአካባቢዋ ሐኪም ከዓመታት በፊት አዝዞላት በየጊዜው የሚታደስላት ነው፣ ወይም ደግሞ ዴሶጀስትሬል የተባለውን፣ ፕሮጄስቶጅን (የፕሮጄስትሮንን ሥራ የሚሠራ ሆርሞን) ብቻ ያለበትን እንክብል ከ2021 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ትገዛዋለች። መርፌውን የሚሸጠው እንክብሉን አላዘዘም፤ እንክብሉን ያዘዘው መርፌው መጀመሩን አልሰማም። ሁለቱን የሚያገናኘው የሴትየዋ የመታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ብቻ ነው።

የፋርማሲዎች ተቆጣጣሪ የሆነው ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2025 በኢንተርኔት ለሚሸጡት ሕጉን አጥብቋል፤ እንደ ክብደት መቀነሻ ያሉ መድኃኒቶችን የሚጠይቅ ሰው በመጠይቅ ላይ የሞላውን ብቻ አምኖ መስጠት እንደማይቻል፣ መረጃው በሌላ መንገድ መረጋገጥ እንዳለበት ደንግጓል። ይህ በዋናነት ክብደትን በሐሰት ለሚሞሉ ታስቦ የወጣ ነው። መከላከያ ትወስጂያለሽ ወይ የሚለው ጥያቄ ቢጠየቅ እንኳ "አዎ" ከተባለ በኋላ "በአፍ ነው ወይስ በሌላ መንገድ?" የሚለው ካልተከተለው፣ ጥያቄው አልተጠየቀም ማለት ይቻላል።

ከ40 በላይ ስለሆኑት ሪፖርቶች ጥቂት ልበል። የመጡት ቢጫ ካርድ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ይህ ሥርዓት ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ካደረሰው ጉዳት በኋላ በ1964 የተቋቋመና ሐኪምም ሆነ ታካሚ የጠረጠረውን የሚያመለክትበት ነው። ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ እርግዝና በስተጀርባ ያለው ምክንያትም አንድ አይደለም። ቢያንስ አራት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው እስካሁን የተነጋገርንበት የእንክብሉ መዘግየት ነው። ሁለተኛው ማስታወክና ተቅማጥ ነው። ሦስተኛው ክብደት ሲቀንስ የመውለድ አቅም መመለሱ ነው። አራተኛው መከላከያ ፈጽሞ ያልያዙ ሴቶች ናቸው። ጋዜጣው የሚወደው የመጀመሪያውን ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው የበለጠ ክብደት ያላቸው ይመስለኛል።

ሁለተኛውን በቅርብ እንየው። መርፌው ዓርብ ማታ ተወግቷል እንበል። ቅዳሜ ሴትየዋ እራቷን ከወትሮው ጥቂት አብዝታ በላች፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ እንክብሏን ዋጠች፤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አስታወከች። በብሪታንያ የሥነ ተዋልዶ ጤና ባለሙያዎች ፋኩልቲ መመሪያ መሠረት፣ እንክብሉ ከተዋጠ በ3 ሰዓት ውስጥ ማስታወክ ከመጣ እንክብሉ እንዳልተዋጠ ይቆጠራል፤ ወዲያው ሌላ መዋጥ ያስፈልጋል። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ኃይለኛ ተቅማጥም እንደዚሁ እንደ ተዘለለ እንክብል ነው። ይህ ሕግ ቲርዜፓታይድ ከሴማግሉታይድ የሚለይበት አይደለም፤ ለሁሉም መርፌ ይሠራል። ማስታወክና ተቅማጥ ደግሞ የእነዚህ መርፌዎች የተለመዱ የጎንዮሽ ጉዳቶች ሲሆኑ፣ የሚበረቱትም መጠኑ ሲጨመር ነው። ሴትየዋ ግን "መርፌው ነው፣ ይለቀኛል" ብላ ወደ አልጋዋ ትመለሳለች እንጂ ስለ እንክብሉ አታስብም።

ሦስተኛው መንገድ በእኔ አስተያየት እጅግ የተረሳው ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት የእንቁላል መውጣትን ሊያዛባ ይችላል፤ በተለይ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው የሆርሞን መዛባት ባለባቸው ሴቶች የወር አበባ ለወራት ሊጠፋ ይችላል። ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል መቀነስ ብቻ በብዙዎቹ እንቁላል መውጣትን ሊመልስ እንደሚችል ከመርፌዎቹ በፊትም የታወቀ ነው። ለዓመታት "አትወልጂም" የተባለች ወይም ራሷን እንደዚያ ያሳመነች ሴት መከላከያ ለምን ትያዝ? አሜሪካ ውስጥ በ2024 በማኅበራዊ ሚዲያ "የኦዜምፒክ ሕፃናት" የሚል ስም የወጣላቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት በዚህ በር የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። እንክብልም ኮንዶምም ባልነበረበት ቤት የመድኃኒት መጋጨት አይፈለግም።

ሴማግሉታይድን በሚመለከት የተደረገው ልኬት የተለየ ውጤት ሰጥቷል። ኤቲኒል ኤስትራዲዮልና ሌቮኖርጀስትሬል ከያዘ እንክብል ጋር ሲሰጥ የሆርሞኖቹ መጠን አልቀነሰም፤ በጠቅላላ የገባው መጠን እንዲያውም በ11 እና በ20 በመቶ ከፍ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ የኮንዶሙ ምክር ለማውንጃሮ ብቻ ተለይቶ ወጣ። የሚያስገርመው ግን ያ ጥናት የተደረገው የስኳር ሕመም ባለባቸውና ባረጡ ሴቶች ላይ መሆኑ ነው። የተለካው በደም ውስጥ ያለ መጠን ስለሆነ ሳይንሱን አያበላሸውም፤ ይሁንና ስለ እርግዝና መከላከያ የምንናገረው ማርገዝ ከማይችሉ ሴቶች ደም ተነሥተን መሆኑን አንባቢ ቢያውቀው አይከፋም።

ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት ምክሩ በመድኃኒቱ የሰውነት ቆይታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሴማግሉታይድ በደም ውስጥ ካለው መጠን ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታልና ከመጸነስ ቢያንስ 2 ወር በፊት ይቆማል፤ ቲርዜፓታይድ 5 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት ቢያንስ 1 ወር በፊት ይቆማል። ይህ ጥንቃቄ የመጣው በእንስሳት ላይ ከታየው የጽንስ ጉዳት ነው። ሳታውቀው ያረገዘች ሴት መርፌውን አቁማ ሐኪሟን ማነጋገር አለባት፤ በድንጋጤ ሌላ ውሳኔ ላይ መድረስ ግን የለባትም። በዲሴምበር 2023 የታተመ፣ ከኖርዲክ አገሮች፣ ከአሜሪካና ከእስራኤል መረጃ የሰበሰበ ጥናት፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ አካባቢ የጂኤልፒ-1 መድኃኒት የወሰዱ የስኳር ሕመምተኛ እናቶች ኢንሱሊን ከወሰዱት ይልቅ ከባድ የአካል ጉድለት ያለባቸው ልጆች በብዛት እንደወለዱ አላሳየም። ያ መረጃ በአብዛኛው የቀደሙትን መድኃኒቶች የሚመለከት ነው።

ለኛ አንባቢ አንድ የቋንቋ ወጥመድ መጥቀስ ይገባል። በአማርኛ "መርፌ እወስዳለሁ" የምትል ሴት በጤና ጣቢያ ቋንቋ የምትናገረው ስለ ሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶው መርፌውን፣ 8 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን ሲጠቀሙ፣ እንክብል የሚውጡት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ሎንዶን ወይም ዋሽንግተን የሄደች ሴት ለእህቷ በስልክ "መርፌ ጀምሬያለሁ" ብትላት ሁለቱ ስለ ሁለት ነገር ሊያወሩ ይችላሉ። መልካሙ ዜና የኛ ሰው የለመዳቸው መንገዶች፣ ማለትም የሦስት ወሩ መርፌ፣ የክንዱና ሉፑ፣ በጨጓራ በኩል የማያልፉ በመሆናቸው ከማውንጃሮ ጋር ይህ ጠብ የሌላቸው መሆኑ ነው። ድንገተኛው መከላከያ፣ በተለምዶ ፖስትፒል የሚባለው ሌቮኖርጀስትሬል፣ ግን እንክብል ነው፤ በዚያ ላይ በብሪታንያ መመሪያ ከ70 ኪሎ በላይ ለሆነች ሴት መጠኑ ከ1.5 ወደ 3 ሚሊግራም እንዲያድግ ይመከራል። በ5 ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕ ክብደትንም ጨጓራንም አይጠይቅም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስሕተት ቢፈጠር ራሱን የሚገልጥ ነገር ነው፤ እርግዝና አይደበቅም። የማረጥ ሆርሞን ጉዳይ ግን ዝም ብሎ የሚሄድ ነው። በማረጥ ዘመን የሚመጣውን ድንገተኛ የሙቀት ስሜት፣ የሌሊት ላብና የእንቅልፍ ማጣት ለማስታገስ ኤስትሮጅን ይሰጣል። ማኅፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን አይሰጥም፤ ብቻውን ከሆነ የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍረዋል፣ ከጊዜ በኋላም ወደ ካንሰር ሊያመራው ይችላል። ሽፋኑን የሚጠብቀው አብሮ የሚሰጠው ፕሮጄስቶጅን ነው። ኤስትሮጅኑ ቢጎድል ሴትየዋ ታውቃለች፤ ላቡ ይመለሳል፣ እንቅልፏ ይሸሻል። ፕሮጄስቶጅኑ ቢጎድል ግን የሚሰማት ነገር የለም።

በብሪታንያ ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው ደግሞ ለዚህ አደጋ የተመቻቸ ነው። ኤስትሮጅኑ በቆዳ በኩል፣ በሚለጠፍ ፕላስተር ወይም በሚቀባ ጄል ይሰጣል፤ በተለይ ክብደት ለበዛባት ሴት፣ በአፍ የሚወሰደው የደም መርጋት ስጋት ስለሚጨምር፣ በቆዳ የሚሰጠው ይመረጣል። ፕሮጄስቶጅኑ ግን ብዙ ጊዜ ማታ የሚዋጥ የፕሮጄስትሮን ካፕሱል ነው። ማውንጃሮ ሲጨመር በቆዳ የሚገባው ኤስትሮጅን ሳይነካ ይቀራል፣ በጨጓራ የሚያልፈው ጠባቂ ግን ሊጎድል ይችላል። ሚዛኑ ባዘመመበት አቅጣጫ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል፤ የስብ ሕብረ ሕዋስ ራሱ ኤስትሮጅን ስለሚሠራ፣ ክብደት የበዛባቸው ሴቶች መርፌውንም ሆርሞኑንም ሳይጀምሩ የማኅፀን ሽፋን ካንሰር ስጋታቸው ከሌላው ከፍ ያለ ነው። መርፌው ክብደትን ሲቀንስ ይህ ስጋት በረጅም ጊዜ ሊቀንስ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሴትየዋ ሁለቱንም ተሸክማ ትሄዳለች።

የብሪታንያ የማረጥ ሕክምና ማኅበር ለሐኪሞች መመሪያ ያወጣው በኤፕሪል 2025 ነው። ቲርዜፓታይድ ከካፕሱሉ ጋር ሲሰጥ የማኅፀን ሽፋን ምን እንደሚሆን የለካ ጥናት ስላልነበረ፣ ማኅበሩ ከመከላከያ እንክብሉ የተገኘውን ልምድ ወስዶ መከረ። ኤስትሮጅኗን በአፍ የምትወስድ ሴት ወደ ቆዳው ብትዛወር፤ ፕሮጄስቶጅኗን በአፍ የምትወስድ ደግሞ ሌቮኖርጀስትሬል ወደሚያመነጨው የሆርሞን ሉፕ ብትዛወር፣ ካልሆነም መርፌው ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለ4 ሳምንት የፕሮጄስቶጅኑ መጠን ከፍ ቢል የሚል ነው። የ24 ሳምንቱ ሒሳብ እዚህም ይሠራል፤ ግማሽ ዓመት ሙሉ የካፕሱሉን መጠን ከማንሣትና ከማውረድ ሉፑን አንድ ጊዜ ማስገባት ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ደም በማይጠበቅበት ጊዜ ከታየ መርፌው ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙት በ40ዎቹ መጨረሻ ላይ ባለች ሴት ነው። የማረጥ ሆርሞን ሕክምና እርግዝናን አይከላከልም። በብሪታንያ መመሪያ፣ የመጨረሻዋ የወር አበባ ከ50 ዓመቷ በፊት ከሆነ ለ2 ዓመት፣ ከ50 በኋላ ከሆነ ለ1 ዓመት መከላከያ መያዝ አለባት። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የሆርሞን ሉፑ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጨጓራን አያውቅምና ማውንጃሮም አይነካውም። "እኔማ ሉፕ አለኝ" ብላ የመጣችን ሴት ግን የገባበትን ቀን መጠየቅ ያሻል፤ ቆጠራው ሁለት ነውና። 52 ሚሊግራም ሌቮኖርጀስትሬል የያዘው ሉፕ ለእርግዝና መከላከያነት 8 ዓመት ሲያገለግል፣ ከኤስትሮጅን ጋር የማኅፀንን ሽፋን ለመጠበቅ የሚታመነው ለ5 ዓመት ብቻ ነው። በ44 ዓመቷ አስገብታ በ50 ዓመቷ ፕላስተር ለጀመረች ሴት፣ ያው ሉፕ ከእርግዝና ገና 2 ዓመት ይጠብቃታል፤ የማኅፀኗ ሽፋን ጠባቂ የመሆን ጊዜው ግን ካለፈ 1 ዓመት ሆኖታል።